የትረስት የመጀመሪያ አልበም፦ ከሸክላ ወደ ኮምፒውተር አቀዳድ

ትረስት የተባለው የፈረንሳይ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 በሲቢኤስ የሙዚቃ ኩባንያ በኩል ነው። በርኒ ቦንቯዛን ይዘፍናል፤ ጊታሩ የኖኖ ክሪፍ፣ ቤዙ የሬሞን ማና፣ ድራሙ የዣኖ ሃኔላ ነው። ከፓሪስ አፍንጫ ሥር ካለችው ናንቴር የተነሱ ናቸው፤ ሥራ፣ ፖሊስና የኪስ መንጠፍ የዘፈኖቻቸው ጉዳይ ነው። ቦንቯዛን ፈረንሳይኛውን እያጣደፈ፣ ቃላቱን እየተፋ ይዘፍናል። ከሸክላ ለሚቀዳ ሰው ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሲምባል ጩኸት፣ የጊታሩ ሻካራ ድምፅና የዘፋኙ «ስ» እና «ሽ» በላይኛው የድምፅ ክልል ላይ ይጋፋሉ። ያለቀ መርፌ ወይም የተዛነፈ ካርትሪጅ (መርፌው የሚሰካበት፣ ንቅናቄውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ደግሞ መጀመሪያ የሚያበላሸው ይህንኑ ክልል ነው።

ስለዚህ ይህን አልበም ስትቀዱ ሁለት ዓይነት ዲስቶርሽን (የድምፅ መሻከር) መለየት አለባችሁ። አንደኛው ኖኖ ክሪፍ ሆን ብሎ ከአምፕሊፋየሩ ያወጣው ነው፤ እሱ ሳይነካ መቀዳት አለበት። ሁለተኛው መርፌው የሚፈጥረው ነው። መለያው እንዲህ ነው፦ የጊታሪስቱ ዲስቶርሽን ጊታሩ ላይ ብቻ ይቀመጣል፣ ከሸክላው ዳር እስከ መሃሉም ጠባዩን አይቀይርም። የመርፌው ግን ዘፋኙንና ሲምባሉን ይነካል፣ ወደ መሃሉ ወረቀት በተጠጋ ቁጥር ይብሳል፣ ብዙ ጊዜም በግራ ወይም በቀኝ ስፒከር በአንዱ ይጎላል። አንዴ ከተቀዳ በኋላ ሁለቱን ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም የለም። ከታች ስለ እጥበትና ስለ መርፌ ብዙ የተባለው ለዚህ ነው።

ሸክላውን መምረጥ

ገና የምትገዙ ከሆነ ሁለት ወጥመዶች አሉ። ባንዱ በ1983 ያወጣው አልበምም በባንዱ ስም ስለሚጠራ፣ ዝርዝሩ ላይ «ትረስት» የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ። የሽፋኑን ጀርባ ፎቶ ጠይቁ። «ፕሬፋብሪኬ»፣ «ፓላስ»፣ «ቦሴ ዊት ኧር» እና «ፖሊስ ሚሊስ» ከተዘረዘሩ የ1979ኙ እሱ ነው። ሌላው ወጥመድ «አንቲሶሲያል» ነው። ባንዱን ዝነኛ ያደረገው፣ አሜሪካኖቹ አንትራክስም በ1988 መልሰው የተጫወቱት ይህ ዘፈን የሚገኘው በ1980ው ሁለተኛ አልበም በ«ሬፕሬሲዮን» ላይ ነው። ሻጩ «አንቲሶሲያል ያለበት የመጀመሪያ አልበም» ካላችሁ፣ ወይ ሸክላውን አያውቀውም ወይ የያዘው ሌላ ነው።

የአሮጌ ሸክላ ነጋዴዎች ጥራትን ከላይ ወደ ታች በደረጃ ይናገራሉ፦ «ሚንት»፣ «ኒር ሚንት»፣ «ቪጂ ፕላስ»፣ «ቪጂ»፣ «ጂ»። «ቪጂ» ሲተረጎም «በጣም ጥሩ» ነው፣ በስሙ ግን አትታለሉ፤ በገበያው ቋንቋ «ቪጂ» ማለት ጭረቱ የሚታይ፣ ጩኸቱም በግልጽ የሚሰማ ሸክላ ነው። ለመቅዳት ከ«ቪጂ ፕላስ» በታች አትውረዱ። ይህን መሰል ሙዚቃ በዘመኑ በየድግሱ፣ በርካሽ ማጫወቻ፣ 5 ግራምና ከዚያ በላይ በሚጫን መርፌ ብዙ ተጫውቷል። እንዲያ የታረሰ ቦይ (መርፌው የሚሄድበት መስመር) ግድግዳው ተፍቋል፤ ውሃም ሳሙናም አይመልሰውም። ሸክላውን ከአንድ አምፖል ሥር አጋድማችሁ እዩት። ጤነኛው ጥቁርና አንጸባራቂ ነው፤ ድምፁ በሚበረታባቸው ቦታዎች ላይ አመድማ ዳለቻ ጥላ ካያችሁ የተበላ ነው። ጭረትን በጥፍር መፈተን ይቻላል፦ ጥፍር የማይዘው ጭረት ብዙም አያሰጋም፣ ጥፍር የሚይዘው ግን በየ1.8 ሰከንዱ፣ ማለት በየዙሩ፣ «ቋ» እያለ አብሯችሁ ይጓዛል።

በፖስታ የሚመጣ ከሆነ ሻጩ ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቶ፣ ከሽፋኑ ጀርባ አድርጎ እንዲያሽገው ንገሩት። ውስጥ እንዳለ ከተላከ በጉዞ ላይ ሲንሸራተት ጠርዙ ካርቶኑን ይቀደዋል።

ማጫወቻውና ኤሌክትሪኩ

ከአሜሪካ ማጫወቻ ይዞ አዲስ አበባ የገባ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። አንዳንድ ማጫወቻዎች፣ በተለይ በቀበቶ የሚዞሩ የድሮ ሞዴሎች፣ የሞተራቸው ፍጥነት በቮልት ሳይሆን በኤሌክትሪኩ ኸርዝ ነው የሚወሰነው። አሜሪካ 60 ኸርዝ፣ ኢትዮጵያና አውሮፓ 50 ኸርዝ ናቸው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ከ220 ወደ 110 ያወርዳል፣ ኸርዙን ግን አይነካም። ስለዚህ በደቂቃ 33⅓ መዞር የነበረበት ሸክላ 27.8 ገደማ ይዞራል፣ ቦንቯዛንም ሰውነቱ የዛለ ሰው ሆኖ ይሰማል። መፍትሔው ለ50 ኸርዝ የተሠራ የሞተር መዘውር መቀየር ነው፤ እሱም ለሁሉም ሞዴል አይገኝም። የኃይል መስጫው ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል የተጻፈበትና ሞተሩ በዲሲ የሚሠራ ማጫወቻ ይህ ጣጣ የለበትም።

ፍጥነቱን ለመፈተን መሣሪያ አያስፈልግም። የሚዞረው ሳህን ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፉ፣ ሸክላና መርፌ ጭናችሁ አዙሩት፣ ወረቀቱ 100 ጊዜ እስኪያልፍ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። ልክ 3 ደቂቃ መፍጀት አለበት። 178 ሰከንድ ከፈጀ ከ1 በመቶ በላይ ፈጥኗል ማለት ነው፤ አንድ በመቶ ደግሞ ከግማሽ ቶን ስድስተኛው እጅ ገደማ ነው። ዝም ብሎ ለሚሰማ ሰው ምንም አይደለም፣ ጊታር ይዞ አብሮ ለሚጫወት ግን መቃኘቱ ያስመርረዋል። የስትሮብ ዲስክ ያላችሁ ደግሞ ለ50 ኸርዝ 180 ጭረት ያለውን ክብ ተመልከቱ (ለ60 ኸርዝ 216 ነው)፣ ጭረቶቹ ቆመው ከታዩ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ብዙ የኤልኢዲ አምፖሎች ስለማይርገበገቡ ግን በድሮው አምፖል ወይም በፍሎረሰንት ብርሃን ሥር አድርጉት።

እጥበት

በዚህ ሥራ ውስጥ በጥቂት ብር ትልቅ ለውጥ የሚገኝበት ቦታ ይህ ነው። ንጹሕ የሚመስል ሸክላ እንኳ ቦዩ ውስጥ የጣት ቅባትና የሲጋራ ጭስ ተጋግሮበታል፤ መርፌው ያንን እየገፋ ሲሄድ «ስ» የሚለው ድምፅ ይሻክራል። ሰው ይህን ሰምቶ መርፌው አልቋል ይላል።

ለአንድ ሊትር ማጠቢያ፦ 800 ሚሊ ሊትር የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ፣ 200 ሚሊ ሊትር 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ቀለምና ሽታ የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። ፋርማሲ የምታገኙት 70 በመቶ አይሶፕሮፒል ከሆነ 285 ሚሊ ሊትሩን ከ715 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ቀላቅሉ፤ የሚሰጣችሁ ያው 20 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ አታክርሩት። ሽቶ ወይም ግሊሰሪን የተጨመረበት የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፣ ሲደርቅ ንፍጥ ነገር ይተዋል። የቧንቧ ውሃም አይሆንም፤ ውሃው ሲተን ካልሲየሙ ቦዩ ውስጥ ይቀራል። የመኪና ባትሪ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ጠርሙሱን አንብቡ፦ ለመሙያ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ነው፣ ከጎኑ የሚደረደረው ግን አሲድ ሊሆን ይችላል።

አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ፦ አልኮል ለቪኒል እንጂ ለ78 ዙር የድሮ ሼላክ አይደለም። ሼላክን አልኮል ያሟሟዋል። ሁለቱንም በአማርኛ ሸክላ ስለምንላቸው ከአያት ቤት የወጣ ክምር ላይ ይህን ውህድ ዝም ብላችሁ አታፍስሱ። ከ1969 ጀምሮ አምሃ እሸቴ ያሳተማቸው ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎች ቪኒል ስለሆኑ ግን ልክ እንደዚህ አልበም ይታጠባሉ።

አስተጣጠቡ ይህ ነው። ሸክላውን ንጹሕ ፎጣ ላይ አጋድሙ። መሃሉ ላይ ያለውን ወረቀት እንዳይነካ ተጠንቅቃችሁ ውህዱን ርጩ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ ወይም ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይዛችሁ በቦዩ አቅጣጫ፣ ማለት በክብ፣ አሥር ዙር ያህል ሂዱበት፤ ከመሃል ወደ ዳር አትጥረጉ። አብዛኛው ሰው የሚዘልለው ቀጥሎ ያለውን ነው፦ በሌላ ጨርቅና በንጹሕ የተጣራ ውሃ ብቻ ሁለት ጊዜ አለቅልቁት። ሳይለቀለቅ የደረቀ ሸክላ ሳሙናውን በመርፌው ጫፍ ላይ ይሰበስባል፣ ገጹም ሳያልቅ ድምፁ ይታፈናል። በመጨረሻ ዕቃ ማድረቂያ መደርደሪያ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አቁሙት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ቪኒል ሙቀት ይፈራል፣ አንዴ ከተጠማዘዘ ማቃናቱ ከባድ ነው።

በደረቅ ወራት ሸክላው ከልባሱ ሲወጣ ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ አቧራም እየጎተተ ይለብሳል። ከመጫወታችሁ በፊት በትንሹ በተጣራ ውሃ የራሰ ጨርቅ አንዴ ማዞር ከደረቅ ብሩሽ ይሻላል።

መርፌ፣ ክንድና ካርትሪጅ

ለዚህ ሥራ ውድ ካርትሪጅ ግዴታ አይደለም። የኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ ቪኤም 95 ኢ በቂ ነው። ጥሩ ጎኑ የዚህ ቤተሰብ መርፌዎች ሁሉ በአንድ ገላ ላይ መሰካታቸው ነው፤ ኋላ ገንዘብ ሲገኝ ካርትሪጁን ሳትነቅሉ ማይክሮላይን የሚባለውን ጫፉ የቀጠነ መርፌ መቀየር ትችላላችሁ። ለዚህ አልበም የሚያስከፍለውን ያህል የሚሰጥ ማሻሻያ እሱ ነው። ምክንያቱ እነሆ፦ ሸክላው በአንድ ፍጥነት ቢዞርም፣ ዳር ላይ ቦዩ ከመርፌው ሥር በሰከንድ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ያልፋል፣ መጨረሻው ዘፈን ላይ ግን 21 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ያው «ስ» ዳር ላይ ከያዘው ርዝመት ከግማሽ ባነሰ ቦታ ተጨምቆ ይጻፋል ማለት ነው። ክብ ጫፍ ያለው መርፌ እዚያ ጠባብ መታጠፊያ ውስጥ አይገባም፣ ጫፉ የቀጠነው ይገባል። አምራቹ ለኢሊፕቲካሉ (ከኤቲ ቪኤም 95 ኢ ጋር ለሚመጣው) 300 ሰዓት፣ ለማይክሮላይኑ 1000 ሰዓት ዕድሜ ይሰጣል፤ ዋጋውን ስታስቡ ይህንንም አስቡ።

ጫናው ለዚህ ካርትሪጅ ከ1.8 እስከ 2.2 ግራም ነው፤ 2.0 ላይ አድርጉት። ጸረ-መንሸራተቻውን (አንቲስኬት) ዜሮ አድርጉ፣ ክንዱ በራሱ አየር ላይ ቀጥ ብሎ እስኪንሳፈፍ የኋላውን ክብደት አዙሩ፣ እዚያ ላይ የቁጥሩን ቀለበት ብቻ ወደ ዜሮ መልሱ፣ ከዚያ ክብደቱንና ቀለበቱን አንድ ላይ እስከ 2 አዙሩ። የቀለበቱ ቁጥር ሊያሳስት ስለሚችል ለወርቅ የሚሆን ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ካገኛችሁ አረጋግጡ። ጫናን ማሳነስ ሸክላውን ያተርፋል የሚል እምነት አለ፤ ተቃራኒው ነው። የቀለለ መርፌ በድራም ምት ላይ ከግድግዳው ይለቃል፣ ተመልሶ ሲያርፍ ቦዩን ይወጋል።

የካርትሪጁን አቀማመጥ ለማስተካከል የአላይመንት ወረቀት አትሙ። የባየርቫልድ ዓይነቱ ከሸክላው መሃል በ66.0 እና በ120.9 ሚሊ ሜትር ላይ ሁለት ነጥቦች አሉት። መርፌውን በሁለቱም ላይ አሳርፋችሁ ካርትሪጁ ከመስመሮቹ ጋር ትይዩ እስኪሆን ሁለቱን ብሎኖች እያላላችሁ አስተካክሉ። ስታትሙ ወረቀቱ «ወደ ገጹ ልክ አሳንስ» ተብሎ እንዳይወጣ ተጠንቀቁ፣ በማስመሪያ ለኩት፤ 66 ሚሊ ሜትር ሆኖ ካልተገኘ ጣሉት። ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 ያለው ሰው ያለ ወረቀትም ይችላል፦ ከጭንቅላቱ መቀመጫ እስከ መርፌው ጫፍ 52 ሚሊ ሜትር ነው።

አንቲስኬቱን ከጫናው ጋር እኩል አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ማለት 2 ላይ፣ ከዚያ ጆሮ ይወስን። ክንዱ በጠባዩ ወደ መሃል ይሳባል፣ ያኔ መርፌው የውስጠኛውን ግድግዳ ይጫናል፣ የውጭው ይለቀቃል። የውጭው ግድግዳ የያዘው የቀኝ ድምፅ ነው። ስለዚህ የገጹን የመጨረሻ ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ስሙ፤ «ስ» በቀኝ በኩል ከተፈረካከሰ አንቲስኬቱን ጨምሩ፣ በግራ ከሆነ ቀንሱ። በሁለቱም እኩል ከሆነ ነገሩ አንቲስኬት አይደለም፦ ቆሻሻ መርፌ፣ ያልተስተካከለ ካርትሪጅ ወይም የተበላ ሸክላ ነው። በዚሁ ቅደም ተከተል መርምሩ፣ መጀመሪያ ያለው ርካሹ ነውና። መርፌውን ስታጸዱ ብሩሹ ከኋላ ወደ ፊት ይሂድ፤ ወደ ጎን ከሄደ የመርፌው ዘንግ ይጣመማል።

ሽቦው

ከካርትሪጁ የሚወጣው ጥቂት ሚሊ ቮልት ብቻ ነው። ያውም ቅርጹ ተቀይሮ ነው፤ ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ተጨምሮ ይጻፋል። የፎኖ ፕሪአምፕ ሥራ ድምፁን ማጉላትና ይህን መልሶ ማስተካከል ነው። ብልሽቱን በጆሮ መለየት ይቻላል። ድምፁ ደካማ፣ ቀጭንና የሚወጋ ከሆነ ፎኖ ፕሪአምፕ አላለፈም። ድምፁ የሚያገሳ፣ የሚንቦጫረቅና የተሰነጣጠቀ ከሆነ ሁለት ጊዜ አልፏል፦ ማጫወቻው ውስጥ ያለው ፕሪአምፕ ሳይጠፋ በሌላ ፎኖ ተሰክቷል። ከማጫወቻው ጀርባ ያለችውን «ፎኖ/ላይን» ማብሪያ እዩ። በጠንካራ ሙዚቃ ላይ ይህ ስህተት ሳይነቃበት ብዙ ይቆያል፣ «ሜታል እንዲህ ነው» ይባላልና።

ቤህሪንገር ዩኤፍኦ 202 ፎኖ ፕሪአምፕና ዩኤስቢ በአንድ ላይ ያለው ትንሽ ሳጥን ነው፤ 16 ቢት ይቀዳል። 24 ቢት የሚቀዳ የሙዚቃ ሳውንድ ካርድ ካላችሁ የተለየ ፎኖ ፕሪአምፕ ጨምሩበት፣ በ«ላይን» መግቢያውም ስኩት። የላፕቶፕ ማይክ ቀዳዳ አይሆንም፤ ብዙውን ጊዜ ሞኖ ነው፣ በቶሎም ይሞላል።

«እምምም» የሚል ወፍራም ጉርምርምታ ካለ የመሬት ሽቦው (ግራውንድ) ፕሪአምፑ ላይ አልታሰረም። እሱ ታስሮም «ዝዝዝ» ካለ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ቅዱ። ስልክ ከካርትሪጁ አጠገብ አታስቀምጡ።

መቅዳት

ኦዳሲቲ የተባለው የመቅጃ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ በቂም ነው። ሬቱን (በሰከንድ የሚወሰደውን የናሙና ብዛት) 96 ኪሎኸርዝ አድርጉ፤ ምክንያቱ በኋላ ለቲክታ (ከብናኝና ከጭረት ለሚወጣው አጭር ድምፅ) ጥገና ይመጣል። ፕሮግራሙ በ32 ቢት ሲይዝ በደቂቃ 46 ሜጋባይት ያህል ስለሚወስድ ለአንድ ገጽ አንድ ጊጋባይት ገደማ ባዶ ቦታ ይኑራችሁ። ዊንዶውስ ላይ ለመግቢያው የተከፈቱ «ማሻሻያ» የሚባሉትን ሁሉ አጥፉ፤ ካልጠፉ ድምፁ ሲበረታ ራሳቸው ይቀንሱታል፣ ሲደክም ይጨምሩታል፣ ጸጥታውና ምቱ አንድ ቁመት ይሆናሉ። የኮምፒውተሩን እንቅልፍና የማሳወቂያ ድምፆችም ዝጉ።

ሌቭሉን ለማግኘት ጮክ የሚለውን ቦታ ፈልጉ። ሸክላው ላይ በዓይን ይታያል፤ ድምፁ ሲበረታ ቦዩ ይወዛወዛል፣ ብርሃንም በሌላ መልክ ይመልሳል። እዚያ ላይ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ 6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቆም አድርጉ። በ24 ቢት ስትቀዱ ዝቅ ማለት የሚያጎድለው ነገር የለም፣ የሸክላው የራሱ ሽሽታ ከዚያ እጅግ ከፍ ያለ ነውና። ቀይ ከነካ ግን ጫፉ ተቆርጧል፣ አይመለስም።

ስፒከሩን ዝጉና በጆሮ ማዳመጫ ተከታተሉ። በዚህ ሙዚቃ ድምፁን ከፍ ማድረግ ያጓጓል፤ ቤዙ በጠረጴዛው በኩል ተመልሶ ወደ መርፌው ሲገባ ግን ከቅጂው የማይለቅ ጉርምርምታ ይተዋል። መቅጃውን አስቀድማችሁ አስጀምሩ፣ ከዚያ መርፌውን አሳርፉ፣ ገጹ እስኪያልቅ ሳታቆሙ ሙሉውን ውሰዱ። ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ፋይል ይሁን። በዘፈኖቹ መካከል አትቁረጡ፣ መሬቱንም አጥብቃችሁ አትርገጡ።

ገጹ ሲያልቅ ሸክላውን ከመመለሳችሁ በፊት ሞገዱን አጉልታችሁ እዩ። ጫፎቹ በመቀስ እንደተቆረጠ ሣር እኩል ጠፍጣፋ ከሆኑ ፕሪአምፑ ወይም ሳውንድ ካርዱ ሞልቷል። «ይህማ የጊታሩ ዲስቶርሽን ነው» እንዳትሉ፦ ጊታሩ ከድራሙና ከድምፁ ጋር ተደባልቆ፣ በሸክላው ውስጥ አልፎ ሲመጣ ሞገዱ እንዲያ ጠፍጣፋ አይሆንም። ሌቭሉን ቀንሱና ድገሙት።

ቲክታን ማጽዳት

መጀመሪያ ኦሪጅናሉን ሳትነኩ በሌላ ስም አስቀምጡ። ከዚያ በሃይ ፓስ ፊልተር ከ20 ኸርዝ በታች ያለውን፣ በ24 ዴሲቤል ቁልቁለት፣ አስወግዱ፤ እዚያ ያለው የሸክላው መወላገድና የሞተሩ መንቀጥቀጥ እንጂ ሙዚቃ አይደለም።

ቲክታው ላይ ቸኩላችሁ «ክሊክ ሪሙቫል» የሚለውን ሙሉው ገጽ ላይ አትልቀቁት። ፕሮግራሙ የሚፈልገው ድንገት የሚወጣ አጭር ሹል ነገር ነው፤ የሃኔላ ስኔር ምትና የሲምባል ጅማሮም ያው ነው። ውጤቱ ቲክታው የጠፋ፣ ድራሙም አብሮ የደነዘዘ ቅጂ ነው። የሚሻለው ትላልቆቹን በእጅ መጠገን ነው፦ ቲክታውን አጉሉ፣ እሱን ብቻ ምረጡ፣ «ሪፔር» በሉ። ሪፔር ከ128 ናሙና በላይ አይቀበልም፤ በ96 ኪሎኸርዝ ይህ 1.3 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ በ44.1 ደግሞ 2.9 ሚሊ ሰከንድ። በከፍተኛው ሬት ስትቀዱ ቲክታው ራሱ ጎልቶ፣ ጠርዙ ተለይቶ ስለሚታይ ከሙዚቃው የምትነኩት ያንሳል።

ሁሉንም አትልቀሙ። ጊታሩ በሚያገሳበት ቦታ ትንንሽ ቲክታ አይሰማም፣ ተዉት። የሚያስጨንቀው የዘፈን መግቢያና መውጫው፣ እንዲሁም «ራይድ ኦን» ነው። ይህ ኤሲ/ዲሲ በ1976 ያወጡት ቀርፋፋ ብሉዝ ሲሆን ትረስት እዚህ አልበም ላይ መልሰው ተጫውተውታል፤ በኖታዎቹ መካከል ክፍት ቦታ ስላለ እያንዳንዱ ብናኝ ይሰማል። አውቶማቲኩን መሞከር ከፈለጋችሁ እሱ ላይ ሞክሩት። ሲከፈት የሚያሳየው 200 ገደብና 20 ስፋት ነው፤ ገደቡን ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ሲጨምር ይለዝባል።

የወሰደውን ለማወቅ አንድ ዘዴ አለ። ያልተነካውንና የተጸዳውን ትራክ አንዱን ከሌላው ሥር አስቀምጡ፣ አንዱን «ኢንቨርት» አድርጉ፣ ሁለቱን አብራችሁ አጫውቱ። የሚሰማው የጠፋው ነገር ብቻ ነው። ቲክ ቲክ ብቻ ከሆነ መልካም፤ በውስጡ የስኔር ምት ከሰማችሁ ገደቡ ዝቅ ብሏል፣ ቀልብሱት። «ኖይዝ ሪዳክሽን» የሚባለውን ግን ለዚህ አልበም ጨርሶ እርሱት። ሽሽታውን ሲያጠፋ ሲምባሉን ውሃ ውስጥ የገባ ያስመስለዋል፣ የጊታሩን ሻካራነትም እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይፍቀዋል።

ከፍታውን በ«ኖርማላይዝ» ከዜሮ 1 ዴሲቤል ዝቅ አድርጋችሁ ጨርሱ። ግራና ቀኝን ለየብቻ የሚያስተካክለውን ሳጥን ምልክት አታድርጉበት፤ የሚክሱን ሚዛን ያዛባል። ቅጂው በአንድ በኩል ሁልጊዜ ደከም ካለ ኮምፒውተሩ ላይ ከማከም ይልቅ የካርትሪጁን ቀጫጭን ሽቦዎች ፈትሹ።

መቁረጥ፣ ስም መስጠት፣ ማስቀመጥ

አሥራ አንድ ዘፈን ነው። በየመጀመሪያቸው፣ ድምፁ ከመጀመሩ ሩብ ሰከንድ ያህል ቀደም ብላችሁ፣ «ኮንትሮል ቢ» በመጫን ምልክት አድርጉና ስሙን ጻፉበት። ስታወጡ «በምልክቶቹ መሠረት ብዙ ፋይል» የሚለውን ምረጡ፣ ዓይነቱ ፍላክ (ጥራት ሳይቀንስ የሚያስቀምጠው)፣ 24 ቢት ይሁን። ለስልክ የሚሆነውን ከዚሁ ፍላክ ወደ ኤምፒ3 320 ቀይሩ፤ ከኤምፒ3 ወደ ሌላ ኤምፒ3 ግን አትቀይሩ። ሲዲ የምታቃጥሉ ከሆነ ወደ 44.1 ኪሎኸርዝና 16 ቢት ስትወርዱ ዲዘር (ቢት ሲቀነስ የሚፈጠረውን መሻከር የሚሸፍነው ቀጭን ሽሽታ) ክፍት ይሁን።

የዘፈኖቹን ስም ሽፋኑ ላይ እንዳለው በላቲን ፊደል፣ እንደ é ካሉት የፊደል ምልክቶቻቸው ጋር ጻፉ።  ዓመቱን 1979 በሉ፤ ከ1983ቱ አልበም ጋር እንዳይቀላቀል የሚያደርገው እሱ ነው። ፋይሉ ለራሳችሁ ነው፤ ሙዚቃው የባለቤቶቹ ስለሆነ ወደ ቴሌግራም ቻናል አይጫንም።

ያልተነካውን የመጀመሪያ ቅጂ አትሰርዙ፣ በሌላ ሃርድ ዲስክም አኑሩት። ነገ የተሻለ የጥገና ፕሮግራም ቢመጣ የምትመለሱት ወደ እሱ ነው። ሸክላውን በአዲስ የፖሊኢቲሊን ውስጠ-ልባስ ከትታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ለስላሳውን የፒቪሲ ፕላስቲክ አትጠቀሙ፤ ከጊዜ በኋላ ከቪኒሉ ጋር ይጣበቅና ጭጋግ የመሰለ ምልክት ይተዋል፣ እሱም በእጥበት አይለቅም።